የኩዊን የመጨረሻ አልበም ከፍሬዲ ሜርኩሪ ጋር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ሙዚቃ አብረን በምንሰማባቸው ምሽቶች ደጋግመው ከተነሡት ጥያቄዎች የተሰበሰበ ነው፤ ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አልበሙ የትኛው ነው? መቼስ ወጣ?

«ኢንዩኤንዶ» ይባላል። የእንግሊዙ የሮክ ባንድ ኩዊን 14ኛ የስቱዲዮ አልበም ሲሆን፣ በብሪታንያ ለገበያ የቀረበው ፌብሩዋሪ 4 ቀን 1991፣ በእኛ አቆጣጠር ጥር 27 ቀን 1983 ዓ.ም. ነው። 12 ዘፈኖች አሉት። ፍሬዲ ሜርኩሪ በድምፅ፣ ብራያን ሜይ በጊታር፣ ሮጀር ቴይለር በከበሮ፣ ጆን ዲከን በቤዝ ጊታር ተጫውተውበታል፤ ከ1971 ጀምሮ ያልተለያዩት እነዚያው አራቱ ናቸው። አልበሙ በብሪታንያ የሽያጭ ሰንጠረዥ አንደኛ ወጣ። ሜርኩሪ ግን በዚያው ዓመት ኖቬምበር 24 ቀን በ45 ዓመቱ አረፈ።

«ያኔ እዚህ ይሰማ ነበር?» የሚሉኝ ወጣቶች አሉ። አልበሙ በወጣ በሳምንታት ውስጥ የቴዎድሮስ ዘመቻ ተከፍቶ ጎንደር ከደርግ እጅ ወጣች። በዚያ የካቲት የከተማው ሕዝብ ሬዲዮ የሚከፍተው የጦርነቱን ወሬ ለመስማት ነበር። አልበሙ ወደ ብዙዎቻችን ጆሮ የደረሰው ዘግይቶ ነው።

ሜርኩሪ አፍሪካ ውስጥ ተወልዷል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ሴፕቴምበር 5 ቀን 1946 በዛንዚባር ተወለደ፤ ወላጆቹ ያወጡለት ስም ፋሩክ ቡልሳራ ነው። ቤተሰቡ ከሕንድ የመጡ፣ የዞራስተር እምነት ተከታይ ፓርሲዎች ናቸው። ልጅነቱን በሕንድ አዳሪ ትምህርት ቤት አሳልፎ ወደ ዛንዚባር ከተመለሰ በኋላ፣ በ1964 በደሴቲቱ አብዮት ሲነሣ ቤተሰቡ ወደ እንግሊዝ ተሰደደ።

ይህ ጥያቄ ሁልጊዜ «መቃብሩስ የት ነው?» የሚል ሌላ ጥያቄ ያስከትላል። የቀብር ሥርዓቱ በዞራስተር ካህናት ጸሎት ለንደን ውስጥ ተፈጽሞ አስከሬኑ ተቃጥሏል። አመዱ ያረፈበት ቦታ ለሕዝብ አልተነገረም።

የት ተቀረጸ? ምን ያህልስ ጊዜ ፈጀ?

ሥራው የተጀመረው በማርች 1989 ነው፤ «ዘ ሚራክል» የተባለው የቀድሞ አልበማቸው ገና ገበያ ሳይገባ ማለት ነው። የተጠናቀቀው በኖቬምበር 1990 ነው። ለ1990 ገና እንዲደርስ ታስቦ የነበረ ቢሆንም የድምፃዊው ጤና እየደከመ ሲሄድ ሥራው አዘገመ። የተቀረጸባቸው ስቱዲዮዎች ሁለት ናቸው፦ ለንደን ያለው ሜትሮፖሊስ እና በስዊዘርላንድ ሞንትሩ ከተማ፣ ጄኔቫ ሐይቅ ዳር የሚገኘው ማውንቴን። ማውንቴን የራሳቸው ነበር፤ በ1978 አንድ አልበም ቀርጸውበት ከወደዱት በኋላ ገዙት። ፕሮዲውሰሩ ዴቪድ ሪቻርድስ ከባንዱ ጋር ሆኖ ሠርቷል።

የአልበሙን ስም የያዘው ዘፈን አወላለድ ለብቻው ሊነገር ይገባል። ሜይ፣ ቴይለርና ዲከን ሞንትሩ ውስጥ ምንም ሳያቅዱ ዝም ብለው ይጫወታሉ። ፎቅ ላይ የነበረው ሜርኩሪ ሲሰማ ምቱ ይገባዋል፤ ዜማውን ያወጣል፣ የግጥሙን መነሻም ይጀምራል። ከዚያ ቴይለር ግጥሙን ተረክቦ አብዛኛውን ጻፈው። ስድስት ደቂቃ ተኩል የሚረዝም፣ በመካከሉ ድንገት ወደ ስፓኝ ጊታር የሚታጠፍ ዘፈን ሆኖ ወጣ።

ያንን የስፓኝ ጊታር የተጫወተው «የስ» የተባለው የእንግሊዝ ባንድ ጊታሪስት ስቲቭ ሃው ነው። ሊቀርጽ አልመጣም፤ በሞንትሩ በኩል ሲያልፍ ወደ ስቱዲዮው ጎራ ብሎ ነው። ሠርግ ቤት ደጃፍ ሲያልፍ «ግባና አንድ በለን» እንደሚባል አዝማሪ፣ አስገብተው ዘፈኖቹን አሰሙትና ጊታር ሰጡት። ደጋግሞ ተጫወተ፤ ከተጫወተው መርጠው ቀጣጠሉት። እንደ ሜይ ያለ ጊታሪስት በራሱ ባንድ ዋና ዘፈን ላይ ለሌላ ሰው ቦታ መልቀቁ የዚያን ስቱዲዮ መንፈስ በደንብ ያሳያል።

ሲቀርጹ መታመሙን ያውቁ ነበር?

ያውቁ ነበር። ሜርኩሪ የኤችአይቪ ቫይረስ በደሙ ውስጥ እንዳለ ያወቀው በ1987 ነው። ለባንዱ አባላት ከነገራቸው በኋላ ግን ጉዳዩ ደግሞ ደጋግሞ እንዲነሣ አልፈለገም፤ የፈለገው ሥራ ነበር። እነሱም ለማንም ትንፍሽ አላሉም። ጋዜጠኛ ሲጠይቃቸው ያስተባብሉ ነበር።

የመክሳቱ ነገር ግን የሚደበቅ አልነበረም። በፌብሩዋሪ 1990 ለባንዱ ሽልማት ሲሰጥ ከጓደኞቹ ጋር መድረክ ላይ ወጣ፤ ንግግሩን ያደረገው ሜይ ነው። ሜርኩሪ በመጨረሻ ወደ ማይክሮፎኑ ጠጋ ብሎ «አመሰግናለሁ፣ ደህና እደሩ» ከማለት ሌላ አልተናገረም። መታመሙን በይፋ ያስታወቀው ኖቬምበር 23 ቀን 1991 ሲሆን በማግስቱ አረፈ።

«ለምን ደበቀ?» ብለው የሚጠይቁኝ ብዙውን ጊዜ በዕድሜ ልጆች ናቸው። ያንን ዘመን እዚህ ያሳለፈ ሰው አይጠይቅም፤ «የሳንባ ምች ነው» ተብሎ የተቀበረ ስንት አለ።

መድኃኒት አልነበረም?

የመጀመሪያው የኤችአይቪ መድኃኒት፣ ኤዜድቲ፣ በአሜሪካ የተፈቀደው በ1987 ነው። ለብቻው ሲወሰድ ግን ቫይረሱ ስለሚላመደው ጥቅሙ ብዙ አይቆይም ነበር። ሰውን በሕይወት የሚያቆየው የተቀናጀ ሕክምና የተስፋፋው ከ1996 ወዲህ፣ እሱ ካረፈ ከአምስት ዓመት ያህል በኋላ ነው። በኢትዮጵያ ደግሞ መድኃኒቱ በነጻ መሰጠት የጀመረው በ2005 ነው። ዛሬ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል መድኃኒቱን ወስዶ ወደ ሥራው የሚመለስ ሰው ያለው ዕድል ያኔ ለሚሊየነርም አልነበረም።

ዘፈኖቹን የጻፋቸው ማን ነው? ሽፋኑ ላይ «ኩዊን» ብቻ ይላል።

ይህ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው። ቀድሞ እያንዳንዱ ዘፈን በጻፈው ሰው ስም ይመዘገብ ነበር፤ ገንዘቡም ለጻፈው ይሄዳል። ከዚህ የተነሣ የማን ዘፈን በነጠላ (ለብቻው በሚሸጥ ሸክላ) ይውጣ፣ የማንስ በጀርባው ይሁን የሚለው ሙግት ለዓመታት አጨቃጭቋቸዋል። ከ«ዘ ሚራክል» ጀምሮ ሁሉም በአራቱም ስም እንዲሆን ተስማሙ፤ «ኢንዩኤንዶ»ም በዚያው ቀጠለ። በእኔ አስተያየት አልበሙን ያዳነው ይህ ስምምነት ነው። በሽተኛ ጓደኛ ፊት ስለ ድርሻ የሚከራከር ባንድ ይህን ሥራ አይጨርስም ነበር።

ማን ምን እንዳመጣ ግን በኋላ ራሳቸው ተናግረዋል። «ሄድሎንግ» እና «አይ ካንት ሊቭ ዊዝ ዩ» ሜይ ለግል አልበሙ ያዘጋጃቸው ነበሩ፤ ሜርኩሪ ሲዘፍንባቸው ሰማና ለባንዱ ተዋቸው። «ዚዝ አር ዘ ዴይስ ኦፍ አወር ላይቭስ» የቴይለር ነው። «ኦል ጎድስ ፒፕል» ሜርኩሪ ከሙዚቀኛው ማይክ ሞራን ጋር «ባርሴሎና» ለተባለው አልበም የጀመረው ነው፤ እዚያ ሳይገባ ቀርቶ እዚህ ገባ። «ደላይላ» ደግሞ ሙሉ በሙሉ የሜርኩሪ ነው፤ እሷን ወደ በኋላ እመለስባታለሁ።

«ዘ ሾው መስት ጎ ኦን» ቮድካ ጠጥቶ በአንድ ትንፋሽ የዘፈነው ነው የሚባለው እውነት ነው?

የቮድካውን ታሪክ የሚናገረው ራሱ ብራያን ሜይ ነው፤ ወሬ አይደለም። ዘፈኑ (ርዕሱ «ትርኢቱ መቀጠል አለበት» ማለት ነው) የተነሣው ቴይለርና ዲከን ከሚጫወቱት የኮርድ ቅደም ተከተል ነው። ሜይ ይዞት ሄደ፤ ስለ ጭብጡና ስለ መጀመሪያዎቹ ስንኞች ከሜርኩሪ ጋር ተቀምጦ ከተነጋገረ በኋላ የቀረውን ጻፈ። ዜማውን ለማሳየት ሲቀርጽ ከፍታው ለራሱ ድምፅ አልደርስ ብሎት በቀጭን የውሸት ድምፅ ነው የዘፈነው። ለሜርኩሪ ሲያሰማው «ይህ መዘፈን ይቻል እንደሆነ አላውቅም» አለው። ሜርኩሪ ቮድካውን ጨለጠና እንደሚዘፍነው በስድብ አጅቦ ነገረው፤ ዘፈነውም።

«በአንድ ትንፋሽ» የሚለው ግን ሲነገር የተጨመረ ይመስለኛል። ምን ለውጥ ያመጣል? ስቱዲዮ ውስጥ ድምፅ ይደጋገማል፣ ይመረጣል፣ ይቀጠላል፤ ነውር የለበትም። እኔ ሰዎች እንዲሰሙ የምጠይቀው ሌላ ቦታ አለ። ከመካከል ሙዚቃው ረገብ ብሎ ስለ ቢራቢሮ ክንፍ የሚዘፍንበት ክፍል ይመጣል። ድምፁ ለስለስ ይላል፤ ያረፈ ይመስላችኋል። ከዚያ ወዲያው ወደ ዋናው ዜማ ሲመለስ ጉሮሮው ትንሽ ይሻክራል፤ ግን ኖታው አይወርድም፣ አይንቀጠቀጥም። ስሜት ብቻውን ይህን አያደርግም። ሃያ ዓመት የሠለጠነ ጉሮሮ ነው።

ዘፈኑ በነጠላ የወጣው ኦክቶበር 14 ቀን 1991፣ ሊሞት ስድስት ሳምንት ሳይሞላ ሲቀረው ነው። አዲስ ቪዲዮ ለመሥራት አቅም ስላልነበረው ከአሮጌ ፊልሞች ተቀጣጥሎ ተሠራለት። በብሪታንያው ነጠላ ሸክላ ጀርባ ያለው ዘፈን የ1973 የመጀመሪያ ነጠላቸው «ኪፕ ዩርሰልፍ አላይቭ» («ራስህን በሕይወት አቆይ») ነው። ያንን የመረጠ ሰው ምን እያሰበ እንደነበር ለአንባቢ እተዋለሁ።

«ዚዝ አር ዘ ዴይስ» ቪዲዮው ለምን ጥቁርና ነጭ ሆነ?

ሕመሙ እንዳይታይ ነው። የተቀረጸው በ1991 የሜይ ወር መጨረሻ ሲሆን፣ ሜርኩሪ ካሜራ ፊት የሠራው የመጨረሻው ሥራ ይህ ነው። ፊቱ በወፍራም ሜካፕ ተሸፍኗል፤ የለበሰው ሰደርያ ድመቶች የተሳሉበት ነው። ብራያን ሜይ በዕለቱ አሜሪካ ስለነበር በኋላ ለብቻው ተቀርጾ ነው የተጨመረው። በቀለም የተቀረጸው ፊልም ከዓመታት በኋላ ወጥቷል፤ ያየው ሰው ጥቁርና ነጩ ለምን እንደተመረጠ ይገባዋል።

ልብ ብላችሁ እዩት፤ እግሩ ቦታ አይለቅም። በለንደኑ ዌምብሌይ ስታዲየም መድረክ ከዳር እስከ ዳር የሚሮጠው ሰው እዚህ ባለበት ቆሞ ሥራውን ሁሉ በእጅና በዐይን ይጨርሳል። በመጨረሻም ወደ ካሜራው ቀጥ ብሎ አይቶ ዛሬም እንደሚወዳችሁ በሹክሹክታ ነግሮ ይወጣል።

ግጥሞቹ ሁሉ ስንብት ይመስሉኛል። ተሳስቻለሁ?

በሰምና ወርቅ ያደገ ጆሮ ወርቅ ሳይፈልግ አያርፍም፤ እዚህ ከተማ ይህን ጥያቄ የማልሰማበት ምሽት የለም። በ«ዘ ሾው መስት ጎ ኦን» ወርቁ አለ፤ ሜይም ስለ ጓደኛው እንደጻፈው አልካደም። ሌላው ላይ ግን ቀስ በሉ። «ዚዝ አር ዘ ዴይስ»ን ቴይለር ሲጽፍ ያሰበው ስለ ራሱ ልጆችና ስለ ማደግ ጭምር ነው። ሜርኩሪ ስለዘፈነው፣ ከዚያም ስለሞተ ነው የሱ ኑዛዜ የመሰለን።

አሁን ደላይላ። ደላይላ የሜርኩሪ ድመት ናት። ዘፈኑ እንደምትወደድ፣ እንደምታሳብድ፣ ውድ በሆነው ሶፋው ላይ ሽንቷን እንደምትሸና ይናገራል። ሜይ ጊታሩን «ሚያው» አስብሎታል። እዚህ ውስጥ የሞት ወርቅ የሚፈልግ ይፈልግ! «አይም ጎይንግ ስላይትሊ ማድ» የተባለውን የዚሁ አልበም ዘፈን ቪዲዮ እዩ፤ ሜይ ፔንግዊን ሆኖ፣ ቴይለር ማንቆርቆሪያ ጭንቅላቱ ላይ ደፍቶ ይታያሉ። ሽፋኑም ከፈረንሳዊው ሠዓሊ ግራንቪል የተወሰደ፣ ዓለማትን እንደ ኳስ ወደ ላይ እያጎነ የሚጫወት ቀልደኛ ነው፤ ባንዱ ከፕላኔቶቹ መካከል አንድ ሙዝ ጨምሮበታል።

እኔ አልበሙን የምሰማው እንደ ሥራ ቀን ነው። አራት ሰዎች ጠዋት ገብተው ሲጨቃጨቁ፣ ሲስቁ፣ ሲቀርጹ ውለዋል፤ ከአራቱ አንዱ ታሟል። የታመመው ሰው የፈለገው እንደ ሠራተኛ እንዲቆጠር ነበር። ከመጀመሪያው ኖታ ጀምሮ እንባ ይዞ የሚቀመጥ አድማጭ ይህን ነው የሚነፍገው።

ታዲያ የመጨረሻው አልበም «ሜድ ኢን ሄቨን» አይደለም?

ይህ በጣም የሚያከራክረው ጥያቄ ነው። «ሜድ ኢን ሄቨን» የወጣው ኖቬምበር 6 ቀን 1995፣ ሜርኩሪ ካረፈ ከአራት ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ድምፁ የእሱ ነው፤ ግን ከየቦታው የተሰበሰበ ነው። ሁለቱ ዘፈኖች ከ1985 የግል አልበሙ የመጡ ናቸው። «ቱ መች ላቭ ዊል ኪል ዩ» ለ«ዘ ሚራክል» ተቀርጾ የቀረ ነው። «ኢትስ ኤ ቢዩቲፉል ዴይ» በ1980 ፒያኖ ላይ ከጀማመረው ረቂቅ የተሠራ ነው። የቀሩት ሦስቱ ሙዚቃውን ዙሪያውን ሠሩለት።

ከ«ኢንዩኤንዶ» በኋላ የተቀረጸ አዲስ ሥራም ግን አለበት። በ1991 በአውሮፓ ጸደይ ሜርኩሪ ሞንትሩ ሆኖ ጓደኞቹን «ጻፉልኝ፣ የጻፋችሁትን እዘፍናለሁ፤ እናንተ በኋላ ትጨርሱታላችሁ» አላቸው። «ማዘር ላቭ» እንዲህ ተሠራ። በከበሮ ማሽን ምት ላይ ሜይ ስንኝ በስንኝ ይጽፋል፤ እሱ ወዲያው ይዘፍናል። የመጨረሻው ክፍል ሲደርስ ደከመው፤ ሌላ ቀን ተመልሶ እንደሚጨርሰው ተናግሮ ሄደ፤ አልተመለሰም። ያንን ክፍል የሚዘፍነው ሜይ ነው። ድምፁ የሚቀየርበትን ቦታ ለመለየት የሙዚቃ ዕውቀት አያስፈልግም።

የእኔ መልስ «ኢንዩኤንዶ» ነው። አንድ አልበም የድምፃዊ ሥራ የሚሆነው ይህ ይግባ፣ ይህ ይውጣ፣ ይህ ይብቃ ብሎ ሲወስን ነው ብዬ አምናለሁ። በ«ኢንዩኤንዶ» ሜርኩሪ ወስኗል። «ሜድ ኢን ሄቨን»ን ሦስቱ ጓደኞቹ ወሰኑለት። በታማኝነትና በፍቅር ወስነዋል፤ ቢሆንም የእነሱ ነው። የሚከራከሩኝ «የመጨረሻ ድምፁ ያለበት ነው የመጨረሻው» ይላሉ፤ እነሱም መሠረት አላቸው።

በ2022 የወጣው «ፌስ ኢት አሎን» በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠራ ነው?

አይደለም። «ዘ ሚራክል» በሚቀረጽበት ጊዜ ሜርኩሪ የዘፈነው፣ ሳይጠናቀቅ መዝገብ ቤት የቀረ ነው። ቴክኒሻኖች አጽድተው፣ ቀጣጥለው በኦክቶበር 2022 አወጡት። ስለዚህ ከ«ኢንዩኤንዶ»ም ይቀድማል፤ «አዲስ» የተባለው ለእኛ ነው።

የአንዳንዶቹ ዘፈኖች ርዝመት ከቅጂ ቅጂ ለምን ይለያያል?

አልበሙ 54 ደቂቃ ያህል ነው። ይህ ለሲዲ ችግር የለውም፤ ለአንድ ሸክላ ግን ይበዛል። አንድ ገጽ ላይ ብዙ ደቂቃ በተጨናነቀ ቁጥር ጭረቱ ይጠባል፣ ድምፁም ይቀንሳል። ስለዚህ በ1991ዱ ሸክላ ላይ ብዙ ዘፈኖች ተቆርጠዋል። በኋላ በሁለት ሸክላ የታተመው ሙሉው ነው።

ከሁሉ የተጎዳው «ቢጁ» ነው፤ ከግማሽ በላይ ሄዷል። ይህ ዘፈን የተለመደውን አሠራር ገልብጦ፣ ግጥሙ በሚዘፈንበት ቦታ ጊታሩ ይዘፍናል፤ ሜርኩሪ ከመካከል ለአጭር ጊዜ ብቻ ይገባል። ጊታሩ ሲቆረጥ ዘፈኑ ጭራሽ አይገባም። በስልክ የምትሰሙ ከሆነ ርዝመቱን እዩ፦ ከሦስት ደቂቃ ተኩል በታች ከሆነ የተቆረጠው ነውና ሌላ ፈልጉ።